ቃሉን ሁሉ ያውቃሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ያመልጣቸዋል፦ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ምን ይደረግ?

ፊደል_ቆጣሪ፦

ሰላም መምህራን። ጥያቄው የ4ኛ ክፍል የአማርኛ ንባብን ይመለከታል። ተማሪዎቹ ፊደል አያስቸግራቸውም፤ አንድ ገጽ ሳይደናቀፉ ይወጡታል። የቃላት ፍቺም ቢጠየቁ አብዛኛውን ይመልሳሉ። ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ሲል ግን ማን ምን እንዳደረገ ይምታታባቸዋል። ለምሳሌ ይህን እዩ፦

«ከጎረቤቱ የተዋሰውን መጽሐፍ ሳያነብ የመለሰው ልጅ እንደገና እንዲያውሰው ጎረቤቱን ለመነ።»

«የለመነው ማን ነው?» ሲባሉ ከክፍሉ የሚበዛው «ጎረቤቱ» ይላል። «ልጁ መጽሐፉን አንብቦታል?» ሲባሉ «አዎ» የሚሉም ጥቂት አይደሉም። እስካሁን የተሞከረው ሁለት ነገር ነው፦ ደጋግሞ ማስነበብ፣ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩን በቀላል አነጋገር ማስረዳት። ድግግሞሹ ፍጥነት ጨመረ እንጂ መልሱን አልቀየረም። ማብራሪያው ሲሰጣቸው ይገባቸዋል፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ያው ናቸው።

ችግሩ ከየት እንደሆነ በምን ይለያል? ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ እያሉ ሰዋስው ማስተማሩስ ግድ ነው? በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ለዚህ ምን ያህል ጊዜ ይበቃል?

ጠመኔ፦

ሰላም መምህር። ከማስተማሩ በፊት መለየቱ ይቅደም፤ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉና። አምስት ወይም ስድስት ልጆች ለየብቻ ጠርተው በዚያው ዓረፍተ ነገር ይሞክሯቸው። ለአንድ ልጅ 3 ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ልጁ ሳያነብ እርስዎ በተገቢው ዕረፍት ያንብቡለትና ይጠይቁት። ሰምቶ በትክክል ከመለሰ ቋንቋው አለው ማለት ነው፤ የጎደለው ቅልጥፍና ነው። ሳይደናቀፍ ቢያነብም እንኳ ጉልበቱ ፊደል በመልቀም ሊያልቅ ይችላል። ሰምቶም ከተሳሳተ፣ ቃላቱን ሳይቀይሩ ዓረፍተ ነገሩን ይሰብሩለት፦ «ልጁ ከጎረቤቱ መጽሐፍ ተዋሰ። መጽሐፉን አላነበበም። መለሰው። እንደገና አውሰኝ ብሎ ጎረቤቱን ለመነ።» አሁን ከገባው ችግሩ የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። አሁንም ካልገባው የቃል ጉዳይ ነው፤ መዋስንና ማዋስን የሚያቀያይሩ ልጆች ብዙ ናቸው፣ በአፍ ሲጠየቁ ግን ሁለቱንም «አውቃለሁ» ይላሉ። ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀላሉ የንባብ እይታ ይህንኑ ነው የሚለው፦ አንብቦ መረዳት የፊደል መፍታትና የቋንቋ መረዳት ብዜት ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ዜሮ ነው። ሕክምናውም ለሦስቱ አንድ ሊሆን አይችልም። ደግሞ ማስነበብ የሚረዳው የመጀመሪያውን ዓይነት ልጅ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ክፍል ያልተለወጠው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አሠራሩ። አማርኛ ዋናውን ድርጊት የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው «ለመነ» ላይ እስኪደርስ መዋሱን፣ አለማንበቡን፣ መመለሱን፣ ማዋሱን ተሸክሞ ይጓዛል። ልጁ ሸክሙ ሲከብደው ቀላሉን መንገድ ይይዛል፦ ከማሰሪያው በቅርብ ያገኘውን ሰው ባለቤት ያደርገዋል። «ጎረቤቱን ለመነ» ውስጥ ቅርቡ ሰው ጎረቤቱ ነው። «ን» ግን ሳትታይ ታልፋለች። ስለዚህ «ጎረቤቱ» የሚለው መልስ ዝም ብሎ ግምት አይደለም፤ በአጭር ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ዘዴ በረጅም ላይ ሲከሽፍ ነው።

በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል። ከዕለቱ ምንባብ ይውጣ። መለኪያው ርዝመቱ አይደለም፤ «ይህ ካልገባቸው የአንቀጹ ሐሳብ ይበላሻል ወይ?» ብለው ይምረጡ። ከ9 እስከ 15 ቃል ቢሆን፣ እንግዳ ቃል ከአንድ ባይበልጥ፣ እሱም አስቀድሞ ቢነገር ጥሩ ነው።

ምንባቡ እስከ መጨረሻው ተነብቦ ካበቃ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። እርስዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡት፣ አያብራሩት። ከዚያ ጥያቄ፦ «መጨረሻ ላይ ምን ተደረገ?» ለመነ። ሁለት መስመር ይሰመርበት። «ለመነ የሚለው ስለ ማን ይናገራል? እሱ፣ እሷ፣ እነሱ?» እሱ። «እሱ ሊባሉ የሚችሉ ስንት ሰዎች አሉ?» ሁለት፣ ልጅና ጎረቤቱ። «አንዱ ጭራ አለው፤ የቱ?» እዚህ ላይ «ን» ትወጣለች፣ ጎረቤቱም ከባለቤትነት ይወርዳል።

ቀጥሎ ወረቀት። ዓረፍተ ነገሩን በስድስት ቁራጭ ይጻፉት፦ ከጎረቤቱ የተዋሰውን መጽሐፍ / ሳያነብ የመለሰው / ልጅ / እንደገና እንዲያውሰው / ጎረቤቱን / ለመነ። ለአራት ልጆች አንድ ስብስብ። ልጆቹ አጽሙን ለብቻው ያወጣሉ፦ ልጅ፣ ጎረቤቱን፣ ለመነ። «ልጅ ጎረቤቱን ለመነ» ብለው ሲያነቡት ጆሯቸው ይቆረቁራቸዋል፤ «ልጁ» መባል አለበት ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ያቺን ምልክት «የመለሰው» ወስዷት ነበር። ከዚያ የቀሩት ቁራጮች በጥያቄ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፦ የትኛው ልጅ? ሳያነብ የመለሰው። ምኑን ሳያነብ? ከጎረቤቱ የተዋሰውን መጽሐፍ። ምን እንዲደረግለት ለመነ? እንደገና እንዲያውሰው። በመጨረሻ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ራሱ አጭር ዓረፍተ ነገር ይለውጡና መጀመሪያ የሆነውን 1፣ ቀጣዩን 2 እያሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ቁጥር ይስጡ።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፦ መምህሩ ቁራጮቹን ከማደሉ በፊት ትርጉሙን ይናገራል። ያን ጊዜ ለልጆቹ የሚያስቡት ነገር አይተርፍላቸውም፤ ወረቀት ማስተካከል ብቻ ይሆናል። ሌላው ስህተት ቁራጩን በቃላት ቁጥር እኩል እኩል መቁረጥ ነው። «መጽሐፍ ሳያነብ የመለሰው ልጅ እንደገና» የሚል ቁራጭ ለማንም ትርጉም የለውም። ቀለም የሚጠቀሙም ከሁለት ባያልፉ ይሻላል፤ አምስት ቀለም ሲሆን ልጁ የሚያጠናው ቀለሙን ነው።

ነጠላ_ሰረዝ፦

ጠመኔ ባሉት ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከመጨረሻው መጀመር መጠገኛ ነው እንጂ የማንበቢያ መንገድ አይደለም። ለሁልጊዜ ልማድ ከተደረገ ቀስ ብለው የሚያነቡ ልጆች መሐሉን እየዘለሉ ማሰሪያውን ማደን ይጀምራሉ። «መጀመሪያ ወደ ፊት እናንብ፤ ከተምታታ ብቻ ከኋላ እንፈልግ» የሚለው ግልጽ ሆኖ ይነገራቸው።

ወደ ፊት ሲነበብ የሚረዳው፣ ልጁ ምልክቱን አይቶ ቀጥሎ የሚመጣውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ልጁ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚሰጠውን ተስፋ እንዲሰማ። «የ» ያለበት ግስ ሲያይ «ስም እየመጣ ነው» ይበል፤ የተዋሰውን... ምኑን? የመለሰው... ማን? «ሲ»፣ «ስለ»፣ «እንዲ»፣ «ሳይ»፣ «ብ» ከግሱ ፊት ሲያይ «ገና አላለቀም» ይበል። ለዚህ የሚሆን የ5 ደቂቃ ጨዋታ አለ፦ ዓረፍተ ነገሩን ከምልክቱ ጋር መሐል ላይ ያቋርጡትና «ቀጥሎ ምን ዓይነት ነገር ሊመጣ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። «ዝናቡ ስለዘነበ...» ብሎ ማቆም። «መንገዱ ጨቀየ» ያለም «ቤት ዋልን» ያለም ልክ ነው። «ደመና ነበር» ያለው ልጅ ግን «ስለ»ን እንዳልሰማት ያኔ ይታወቃል።

ከዚሁ ጋር ሐረግ በሐረግ ማንበብ። ምንባቡ ላይ በእርሳስ ቀጭን ሰረዝ ይደረግ። ልጆቹ በተለምዶ የሚቆርጡት ትንፋሻቸው ሲያልቅ ነው፦ «ከጎረቤቱ የተዋሰውን / መጽሐፍ ሳያነብ የመለሰው / ልጅ እንደገና...»። «የመለሰው» ከ«ልጅ» ሲለይ የትኛው ልጅ እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ባለቤቱን አጣ። በትክክል ሲቆረጥ «ከጎረቤቱ የተዋሰውን መጽሐፍ / ሳያነብ የመለሰው ልጅ / እንደገና እንዲያውሰው / ጎረቤቱን ለመነ»። ሕጉ አጭር ነው፦ «የ» ያለበት ግስ ከሚገልጸው ስም አይለይ፣ «ን» ያላት ስም ከግሷ አትራቅ። በአንድ ቀን ከአንድ አንቀጽ በላይ ሰረዝ አይደረግ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰረዙን ልጆቹ ራሳቸው ያድርጉ፣ በሦስተኛው ይቅር።

ሰዋስውን በተመለከተ ሦስቱ ስሞች ቢታወቁ እመርጣለሁ፦ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ። ስም የሌለውን ነገር ክፍሉ ሊነጋገርበት አይችልም። ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ሰምቶ»)፣ ዘንድ አንቀጽ (እንደ «እንዲያውሰው») የሚሉት ግን ለዚህ ሥራ አያስፈልጉም። ልጁ «ሳያነብ»ን በስሙ ጠርቶ ልጁ ማንበቡንና አለማንበቡን ካላወቀ ምን ተጠቀመ?

ደግሞ አንዳንዴ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው። «ትናንት የተዋሰውን መጽሐፍ መለሰ» ሲል ትናንት የተዋሰው ነው ወይስ ትናንት የመለሰው? ሁለቱም ይሆናል። ጸሐፊው «ትናንት፣ የተዋሰውን መጽሐፍ መለሰ» ብሎ ቢሆን ይገላግለን ነበር። እንዲህ ያለውን «ሁለት ትርጉም አለው፤ ከላይ ያለው አንቀጽ የቱን ይደግፋል?» ብሎ ማቅረብ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ልጁን ተሳሳትክ ማለት ግን አይገባም።

ጠመኔ፦

ስለ መጠገኛው እስማማለሁ። ስለ ስሞቹ ግን በ3ኛ ክፍል «ማን፣ ማንን፣ ምን አደረገ» ይበቃል፤ ስሙ በ4ኛ ይከተል። ሥራውን አውቀው ስሙን ሲሰሙ አይረሱትም፤ ስሙን አስቀድመው ሲሸመድዱት ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አያገናኙትም።

የንባብ_ሰዓት፦

ሁለታችሁም «ን»ን አንስታችኋል፤ እሷን ለብቻዋ ማሠልጠኛ መንገዱ ጥንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ፊደል ብቻ ይለያቸው፦

«ሰውየው ያየው ልጅ ሸሸ።»
«ሰውየውን ያየው ልጅ ሸሸ።»

በሁለቱም የሸሸው ልጁ ነው። ያየው ግን በመጀመሪያው ሰውየው፣ በሁለተኛው ልጁ። ልጆቹ ሁለቱን በሥዕል ይለዩ፤ ሁለት ሰው በቀጫጭን መስመር ብቻ ሥለው ከዓይን የሚወጣ ቀስት ያድርጉ። ቀስቱ ከማን ወደ ማን ነው? ሥዕሉ 2 ደቂቃ አይፈጅም። ዓረፍተ ነገሩን በቃል ከመድገም ማምለጥ ይቻላል፣ ቀስቱን ከመሣል ግን ማምለጥ አይቻልም።

ከዚህ ጥንድ አይጀመር ግን፤ ከባድ ነው። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ እንዲህ ይሂድ። መጀመሪያ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት የሆኑበት፦ «ሴትየዋ ያየችው ልጅ ሸሸ» እና «ሴትየዋን ያየው ልጅ ሸሸ»። እዚህ «ያየችው» እና «ያየው» ራሳቸው ማን እንዳየ ስለሚናገሩ «ን» ብቻዋን አልተሸከመችም። ሁለተኛ አንዱ ብዙ፣ አንዱ ነጠላ የሆኑበት፦ «ልጆቹ ያዩት ውሻ ሸሸ»፣ «ልጆቹን ያየው ውሻ ሸሸ»። በመጨረሻ ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም ነጠላ። በየደረጃው አምስት አምስት ጥንድ ይበቃል። ክፍሉ ከአምስቱ አራቱን ካላገኘ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

ቦዝ አንቀጽ ላይም ጭራው ይናገራል። «እናቷ ጠርታት ሮጣ መጣች» ሲል የጠራችው እናት፣ የመጣችው ልጅ። ሁለቱም ሴት ስለሆኑ ልጆች ሁለቱንም ድርጊት ለእናቲቱ ይሰጣሉ። «ጠርታት» መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ተጠሪዋን ይዛለች፦ «ማንን ጠራች?» ብሎ መጠየቅ ይፈታዋል።

አንቱታ_ይከበር፦

ማንም ያላነሳው አንድ ወጥመድ አለ። አክብሮት። «አያታቸው ልጆቹ ሲገቡ ተነሡ።» ማን ተነሣ? ልጆቹ «ተነሡ» የሚለውን እንደ ብዙ ቁጥር አንብበው «ልጆቹ» ይላሉ። «ተነሡ» ለእሳቸውም ለእነሱም አንድ ነው። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን በአንተታ ማስነበብ ነው፦ «አያታቸው ልጆቹ ሲገቡ ተነሣ»። ነውር መሰላቸውና ሳቁ? ይሁን፣ ገብቷቸዋል። ከዚያ ወደ አክብሮቱ ይመለሱ። ተረትና የታሪክ ምንባብ ውስጥ ይህ በየገጹ አለ።

ነጠላ_ሰረዝ፦

አንቱታ_ይከበር፣ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ከዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላም አለ፦ የሰው ንግግር ያለ ትእምርተ ጥቅስ ሲገባ። «እህቱ ነገ እመጣለሁ ብላ ቀረች።» «ማን ነው እመጣለሁ ያለው?» ሲባሉ «እኔ» የሚል ልጅ ይገኛል፤ እያነበበ ያለው እሱ ነዋ! ውስብስቡ ደግሞ «ልጁ አላየሁም ብሎ እንደዋሸ ሰውየው ተናገረ» የሚለው ነው። ልምምዱ፦ በእርሳስ «አላየሁም» ላይ ትእምርተ ጥቅስ ማድረግ፣ ከዚያ በላዩ የተናጋሪውን ስም መጻፍ፣ ከዚያ «ብሎ» ከ«ማን» ጋር እንደሚሄድ ቀስት መሳብ። ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፦ አላየሁም ያለው ማን ነው? የዋሸው ማን ነው? የተናገረውስ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልጁ፣ ሦስተኛው ሰውየው።

ፊደል_ቆጣሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተባለው መንገድ ልጆቹን ለይቻቸዋለሁ፤ የሚበዙት የሰሙትንም ይስታሉ፣ ሲሰበርላቸው ግን ያገኙታል። ስለዚህ ነገሩ አሠራሩ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። «በራስህ አባባል ንገረኝ» ሲባሉ አንድ ቃል ቀይረው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይመልሱልኛል፤ «ለመነ» የነበረውን «ጠየቀ» ይሉና ተጨረሰ። መግባቱን በምን ልወቅ? ደግሞ አሉታ ያለበት ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጥ እየጣላቸው ነው። «ሳይሰማ አልቀረም» የሚለውን «አልሰማም» ብለው ነው የሚረዱት።

የንባብ_ሰዓት፦

አሉታውን ልመልስ። «ሳይ... አልቀረም» እና «ሳይ... አይቀርም» ሁለት አሉታ አላቸው፤ ሁለቱ ተጣፍተው ትርጉሙ «ምናልባት ሆኗል» ወይም «ምናልባት ይሆናል» ማለት ነው። ልጁ ግን የሚይዘው መጀመሪያ የሰማውን ነው፤ «ሳይሰማ»። ይህን በአመክንዮ ለማስረዳት አይድከሙ፤ እንደ አንድ ዕቃ ይሰጣቸው፦ «ሳይሰማ አልቀረም ማለት ሰምቶ ይሆናል» ብለው በአምስት የተለያዩ ግሶች ያስደግሟቸው። «ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም» የሚለውም እንዲሁ፤ ጠበቁ ወይስ አልጠበቁም?

ከዚህ የሚከብደው ያልሆነውን የሚናገረው ነው፦ «ድልድዩ ባይሰበር ኖሮ መኪናው ባልዘገየ ነበር።» ሁለቱም ክፍል በአሉታ ነው፣ ሁለቱም ግን ሆኗል። ድልድዩ ተሰብሯል፣ መኪናውም ዘግይቷል። «ኖሮ» እና «ነበር» አንድ ላይ ሲመጡ ሰሌዳውን በሁለት ይክፈሉት፤ በግራ «የተባለው»፣ በቀኝ «የሆነው»። በግራ ያለው «ባይሰበር» በቀኝ «ተሰበረ» ይሆናል፣ «ባልዘገየ» «ዘገየ»። አዎንታውም እንዲሁ ይገለበጣል፤ «ቢያጠና ኖሮ ያልፍ ነበር» ቢባል አላጠናም፣ አላለፈም። ሦስት ጊዜ በግልባጭ ካደረጉት በኋላ ያለ ሰሌዳ ይሞክሩት። «ቢደክመውም ጨረሰ» የሚለው ግን አይገለበጥም፤ ደክሞታል፣ ጨርሷልም። «ም» ስትጨመር ነገሩ እንደሚቀየር ለይተው ካላሳዩ ልጆቹ ሁሉንም «ቢ» መገልበጥ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሳምንት አይሰጡ።

ጠመኔ፦

መግባቱን ስለማወቅ። «በራስህ አባባል» ለ10 ዓመት ልጅ በጣም ሰፊ ትእዛዝ ነው፤ ቃል መቀየሩ አያስደንቅም። በምትኩ መነሻውን ይቀይሩበት። «ጎረቤቱ ብለህ ጀምርና ያንኑ ታሪክ ንገረኝ።» አሁን ዓረፍተ ነገሩን መፍታት ግድ ይሆንበታል፦ «ጎረቤቱ ለልጁ መጽሐፍ አዋሰው። ልጁ ሳያነብ መለሰለት፤ አሁን ደግሞ ድጋሚ አውሰኝ ይለዋል።» ተዋሰ ወደ አዋሰ መለወጡን ያስተውሉ፤ ባለቤቱ ሲዞር ግሱም ዞረ። ይህን ያደረገ ልጅ ገብቶታል። «መጽሐፉ ብለህ ጀምር» ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ክፍሉ ብዙ ከሆነ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ከልጁ፣ አንዱ ከጎረቤቱ ይጀምር፤ ከዚያ ይነጻጸሩ።

የጽሑፍ ጥያቄ ከፈለጉ ከምንባቡ ቃል በመገልበጥ የማይመለስ ይሁን። «ልጁ ማንን ለመነ?» ዋጋ የለውም፤ «ጎረቤቱን ለመነ» ተጎራብተው ስለተጻፉ ዓይን ብቻ ይበቃል። ይልቅ ያንኑ ቃላት ይዘው ሐሰትና እውነት የሆኑ አራት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፣ ሦስት ምርጫ ይስጡ፦ እውነት፣ ሐሰት፣ አልተነገረም። ጎረቤቱ መጽሐፍ ተዋሰ፤ ሐሰት። ልጁ መጽሐፉን አላነበበውም፤ እውነት። ልጁ መጽሐፉን መልሷል፤ እውነት። ጎረቤቱ ድጋሚ አውሶታል፤ አልተነገረም። የመጨረሻዋ ብዙ ልጅ ትጥላለች፤ «እንዲያውሰው ለመነ» እና «አዋሰው»ን አንድ አድርገው ያነባሉና። «እንዲ» ሐሳብ ናት፣ ድርጊቱ ገና ነው። ሁለት ምርጫ ብቻ ከሰጡ ግን በግምት እኩሌታው ልክ ይሆናል፣ ምንም አይነግርዎትም።

ሌላው መፍታቱን በመገጣጠም መደገፍ ነው። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይስጡ፦ «ውሻው ጮኸ። ሌባው ውሻውን ሰማ። ሌባው ሮጠ።» አንድ አድርጉት ይበሉ። «የውሻውን ጩኸት የሰማው ሌባ ሮጠ»፣ «ውሻው ሲጮኽ ሌባው ሰምቶ ሮጠ»፣ «ሌባው የሮጠው ውሻው ሲጮኽ ስለሰማ ነው» ሁሉም ይመጣሉ። የትኛው የትኛውን ነገር እንደሚያጎላ ያወያዩበት። ዓረፍተ ነገር ራሱ አስሮ የሚያውቅ ልጅ የሌላ ሰው የታሰረ ሲያይ ቋጠሮው የት እንዳለ ይገምታል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 15 ደቂቃ። እዚህ የሚደረገው ስህተት አንድ «ትክክለኛ» መልስ መጠበቅ ነው።

አንቱታ_ይከበር፦

ቃሉ ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ የሚቀየረውንም አትርሱት። ጽሕፈታችን ማጥበቅን ስለማያሳይ «ልጁ ከሩቅ ይሰማል» ብቻውን ሁለት ነገር ነው፤ ላልቶ ልጁ ሰሚ ነው፣ «ሰ» እና «ማ» ጠብቀው ተሰሚ ነው። «የልጁ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል» ሲሆን የሚጠብቀው ነው፤ «ልጁ ድምፁን ከሩቅ ይሰማል» ሲሆን የሚላላው። እንደገና «ን»! ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ የትኛውን እንዳነበበ መስማት መረዳቱን ያለ ጥያቄ ይነግርዎታል። ድምፅ ሳያሰሙ ብቻ የሚያነቡ ክፍሎች ይህን ምልክት ያጣሉ።

ፊደል_ቆጣሪ፦

«ጎረቤቱ ብለህ ጀምር» የሚለውን ዛሬ ሞክረነዋል፤ ተዋሰና አዋሰ ላይ ነው ብዙዎቹ የቆሙት። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የወረቀቱ ቁራጭ እስከ መቼ ይቀጥል?

ጠመኔ፦

አራት ሳምንት ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እርስዎ ቆርጠው ይስጡ። በሦስተኛው ያልተቆረጠ ዓረፍተ ነገር ይስጧቸውና የሚቆረጥበትን ቦታ እነሱ ይምረጡ፤ ሁለት ቡድን በተለያየ ቦታ ከቆረጠ እዚያው ይከራከሩበት። በአራተኛው ወረቀቱ ይቅርና በደብተራቸው ላይ ማሰሪያውን ሁለት መስመር፣ ባለቤቱን አንድ መስመር ብቻ ያስምሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ቁራጩ የሚመለሱት አዲስ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲገባ ነው፤ ለምሳሌ «ኖሮ» ያለበት። ተዋሰና አዋሰን ደግሞ ከ«ገዛ» እና «ሸጠ»፣ «ተማረ» እና «አስተማረ» ጋር አንድ ላይ ይስጧቸው፦ ዕቃው ወይም ትምህርቱ ከማን ወደ ማን ሄደ የሚል ቀስት ያለበት ሠንጠረዥ፣ ስድስት ጥንድ ግስ፣ ሁለት ቀን።